ቅብን የማሳነስ ጥበብ፦ የጊታር ሠሪው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ ሕይወት (1817–1892)

መግቢያ

ከጥድ ወገን የሆነው ስፕሩስ ለጊታር ፊት ተልጎ ሲዘጋጅ መልኩ ነጣ ያለ ነው። ይህን መልክ የሚለውጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሠሪው የሚቀባው ቅብ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ብርሃንና አየር በእንጨቱ ውስጥ ባለው ሊግኒን ላይ የሚያስከትሉት ለውጥ ነው። የመጀመሪያው በሠሪው ቁጥጥር ሥር ሲሆን ሁለተኛው ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የዛሬው የክላሲካል ጊታር ቅርጽ ዋነኛ ቀያሽ የሆነውን የስፔናዊውን አንቶኒዮ ደ ቶሬስ ኹራዶን ሕይወት ይቃኛል። ዓላማውም የጊታርን ፊት ነጣ እንዳለ የማቆየት ልማድ ከውበት ይልቅ ከድምፅ ጋር ያለውን ቁርኝት ማሳየትና ልማዱ ሙቀትና እርጥበት በሚፈራረቁባት ጋምቤላ ከተማ ምን ትርጉም እንደሚኖረው ማመልከት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአናጢነት ወደ ጊታር ሥራ

ቶሬስ በደቡብ ስፔን አልሜሪያ አጠገብ በምትገኘው ላ ካኛዳ ደ ሳን ኡርባኖ ሰኔ 13 ቀን 1817 ተወለደ። አባቱ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር። ልጁ በ12 ዓመቱ የአናጢነት ሙያ እንዲማር ተሰጠ። በ1833 በዙፋን ይገባኛል ምክንያት የእርስ በርስ ጦርነት ሲቀሰቀስ ለውትድርና ተመለመለ፤ ሆኖም በጤና ምክንያት ተሰናበተ። በ1835 ያገባት የመጀመሪያ ሚስቱ ገና በወጣትነቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ ከወለዷቸው ልጆችም ሁለቱ በሕፃንነታቸው አለፉ። ከዚህ ኀዘንና ከድህነት በኋላ ኑሮውን በሴቪያ መሠረተ። በ1850ዎቹ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ጊታር ተጫዋች ኹሊያን አርካስ ስላበረታታው ሙሉ ትኩረቱን በጊታር ሥራ ላይ አደረገ። በ1858 በሴቪያ በተካሄደ ኤግዚቢሽን የነሐስ ሜዳልያ አገኘ።

የወረቀቱ ጊታር

በ1862 ቶሬስ የጊታርን ጀርባና ጎን ከተጣበቀ ወረቀት፣ ፊቱን ብቻ ከስፕሩስ ሠራ። ይህ ጊታር ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። የሙከራው መልእክት ግልጽ ነበር፤ የመሣሪያው ድምፅ በዋናነት የሚወለደው ከፊተኛው ገበታ ነው። ቶሬስ ገበታውን ቀጭንና በመጠኑ ጎበጥ ያለ አደረገው፤ ከውስጥም እንደ ማራገቢያ በተዘረጉ ሰባት ቀጫጭን የእንጨት ድጋፎች አጠናከረው። ድጋፎቹ ገበታው የክሮቹን ውጥረት እንዲችል፣ ቅጥነቱ ደግሞ በነጻነት እንዲንቀጠቀጥ ያስችሉታል።

ከዚህ አስተሳሰብ የሚከተለው ድምዳሜ ቅብንም ይመለከታል። በገበታው ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ሽፋን ክብደት ነው፤ ክብደቱም ንቅናቄን ይገታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፍላጭ ከገበታው ላይ በጥንቃቄ ያነሣ ሠሪ በመጨረሻ ወፍራም ቫርኒሽ ቢጭንበት የራሱን ድካም ያፈርሳል።

የጎማላካ ቅብ

በዚያ ዘመን የስፔን ጊታሮች የሚጠናቀቁት በጎማላካ ነበር። ጎማላካ በእስያ ከሚገኙ ጥቃቅን ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ሲሆን በአልኮል ይሟሟል፤ በጨርቅ ድቡልቡልም ደጋግሞ በመቀባት እጅግ ስስ ሽፋን ይፈጥራል። የተፈጥሮ መልኩ ከብርቱካናማ እስከ ቡናማ ይደርሳል፤ የተጣራውና የነጣው ዓይነት ግን በስፕሩስ ላይ የሚጨምረው ቀለም ጥቂት ነው።

የገበታውን ንጣት የሚያበላሹት በአብዛኛው ሁለት ስሕተቶች ናቸው። የመጀመሪያው ዘይት ነው። ጨርቁ እንዳይጣበቅ ጥቂት ጠብታ ዘይት ይታከልበታል፤ ነገር ግን ባልተሸፈነ እንጨት ላይ ካረፈ ወደ ውስጥ ሰርጎ ገበታውን ያጠቁረዋል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ሽፋኖች ያለ ዘይት ይቀባሉ። ሁለተኛው ከጀርባና ከጎን የሚመጣ ቀለም ነው። ሮዝውድ በአልኮል ሲነካ ቀይ ቡናማ ቀለም ይለቃል፤ ያው ጨርቅ ስፕሩሱን ከነካ እድፉ በእንጨቱ መስመሮች ውስጥ ይቀራል። ስለሆነም ለፊቱ የተለየ ጨርቅ መያዝና ገበታውን አስቀድሞ በስስ ጎማላካ መዝጋት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዘመን

ጥበቡ ግን ለቶሬስ በቂ እንጀራ አልሆነለትም። ፍራንሲስኮ ታሬጋ በ1864 የተሠራውን የቶሬስ ጊታር በ1869 ገዝቶ በዚያው መሣሪያ ዝናን ሲያተርፍ፣ ሠሪው ራሱ በዚያው ጊዜ ገደማ ሙያውን አቋርጦ ወደ አልሜሪያ ተመለሰ፤ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ መሸጫ ሱቅም ከፈተ። በ1875 ከሱቁ ጎን ለጎን ወደ ጊታር ሥራ ሲመለስ በመሣሪያዎቹ መለያ ወረቀት ላይ ሁለተኛው ዘመን ብሎ መጻፍ ጀመረ። ሁለተኛዋ ሚስቱ በ1883 ከሞተች በኋላ የሥራው መጠን ጨመረ።

በእርጅናው ዘመን ይረዳው የነበረው ካህን ኹዋን ማርቲኔዝ ሲርቬንት ከዓመታት በኋላ እንደመሰከረው፣ ቶሬስ ምስጢሩን ለትውልድ እንዲያስተላልፍ በገበታ ላይ ሲጠየቅ ምስጢሩ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ጫፍ ላይ እንዳለ ተናግሯል። የገበታውን ውፍረት የሚለካው በጣቶቹ ዳሰሳ ነበርና ከእሱ ጋር የሚቀበር እውቀት መሆኑን ያውቅ ነበር። ኅዳር 19 ቀን 1892 በአልሜሪያ አረፈ።

ማጠቃለያ

የቶሬስ ጊታሮች ፊት ዛሬ የማር መልክ ይዟል። ይህ ጉድለት ሳይሆን የዘመን አሻራ ነው። የጠቆረውን ገበታ ለማንጣት የቀድሞውን ቅብ መፋቅ፣ ስስ የነበረውን እንጨት ይበልጥ ከማሳሳቱም በላይ የሠሪውን እጅ የሚመሰክረውን ማስረጃ ያጠፋል። ለጣት ዳሰሳ ብቻ የታመነ ጥበብ ደግሞ ከዕቃው በቀር ሌላ ሰነድ የለውም።

ይህ ሐሳብ ለጋምቤላም ይሠራል። ጎማላካ በሙቀትና በላብ ይለሰልሳል፤ በእርጥበትም ይደበዝዛል። ስለዚህ በባሮ ወንዝ ዳር በምትገኘው ቆላማ ከተማ ጎማላካ የተቀባ ጊታር በቀጥታ ከፀሐይ ርቆ በመያዣው ውስጥ መቀመጥ፣ ከተጫወቱበትም በኋላ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይኖርበታል። በአኙዋ ዘንድ የሚታወቀው ቶምም በእንጨት ሳጥን ላይ በተደረደሩ፣ በጣት በሚመቱ ምላሶች የሚሰማ መሣሪያ ነው። በእሱም ላይ የእንጨቱን ውፍረትና የገጽታውን አጨራረስ ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ መመዝገብ፣ የቶሬስ ጣቶች ይዘውት የሄዱት ዓይነት እውቀት ሳይመዘገብ እንዳይጠፋ ለማድረግ ይረዳል።