የኮሎኔሉ ዶሮና የወይዘሮ ክላውዲያ ቅመም

ኮሎኔል ሃርላንድ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ ነው። እናታቸው ለእንጀራ ከቤት ውጭ ሥራ ሲገቡ፣ እሳቸው ለታናናሾቻቸው ምግብ ማብሰል ለመዱ።

በ1930 ኬንታኪ ግዛት ኮርቢን ከተማ ነዳጅ ማደያ ይዘው ለመንገደኞች ምግብ መሸጥ ጀመሩ። ከብዙ ሙከራ በኋላም በ11 ዓይነት ቅመማ ቅመም የሚጠበሰውን ዶሮ አገኙ። አዲሱ አውራ ጎዳና ከምግብ ቤታቸው ርቆ እንደሚያልፍ ሲታወቅ ግን ገበያው ተዳከመ፤ በ1956 ሸጠው ዕዳቸውን ከፈሉ። 65 ዓመት አልፏቸው፣ የቀራቸው ትንሽ ጡረታና ያ ቅመም ነበር።

ከከተማ ከተማ እየዞሩ ዶሮ ጠብሰው አስቀመሱ። የተስማማ ምግብ ቤት በሚሸጠው በእያንዳንዱ ዶሮ ጥቂት ሳንቲም ይከፍላቸዋል። ቅመሙን ቀምመውና አሽገው የሚልኩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ክላውዲያ ነበሩ። በየቦታው ጣዕሙ አንድ እንዲሆን ያደረገው ይህ ሥራ ነው። በ1964 ድርጅቱ በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ኮሎኔሉ ከዚያም በኋላ በየምግብ ቤቱ እየገቡ ይቀምሱ፣ ጥራት ሲጓደልም በአደባባይ ይናገሩ ነበር። በ1980 በ90 ዓመታቸው አረፉ።

ያን ዶሮ በቤታችን ለመሥራት ስንሞክር የቅመሙን ዝርዝር አናገኝም፤ ምስጢር ነው። ትኩስነቱ ግን በእጃችን ነው። ቁንዶ በርበሬ ተፈጭቶ ሲቆይ መዓዛው ይጠፋል። ስለዚህ ፍሬውን ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ በሚጠበስበት ዕለት መውቀጥ ይበጃል። ቅመም አዘጋጅተን የምንሸጥ እህቶችም የተፈጨበትን ቀን ማሸጊያው ላይ እንጻፍ።