ዶክተር ሜራብ፦ የአራዳው ባለ ፋርማሲና የዛሬው የሕመም ማስታገሻዎ

ለጉልበት፣ ለወገብ ወይም ለራስ ምታት ማስታገሻ ገዝተው ከዋጡ በኋላ ጨጓራዎን አቃጥሎዎት ያውቃል? ብዙ ሰው ይህ ይገጥመዋል። አንዳንዱ ግን ምንም ሳያቃጥለው ጨጓራው ቆስሎ ይደማል። ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ፋርማሲ የከፈቱትን የዶክተር ሜራብን ሕይወት እየተረከ፣ ዛሬ ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ ሲቆሙ ምን ማወቅና ምን መናገር እንዳለብዎ ያስረዳዎታል።

ከጆርጂያ ወደ አራዳ

ዶክተር ሜራብ የጆርጂያ ተወላጅ ነበሩ። የቤተሰባቸው ስም ሜራቢሽቪሊ ሲሆን፣ ሕክምና የተማሩት በፓሪስ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሕክምና ሥራ ተሰማሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ከተከታተሉት ሐኪሞችም አንዱ ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1910 አራዳ ላይ ፋርማሲ ከፈቱና በትውልድ አገራቸው ስም ጆርጂያ ብለው ሰየሙት። አራዳ በዚያን ጊዜ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትልቁ የከተማዋ ገበያ የሚቆምበት ሰፈር ነበር። ገበያው ወደ መርካቶ የተዛወረውና ሰፈሩ ፒያሳ መባል የጀመረው ኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ባቡሩም ገና አዲስ አበባ አልደረሰም፤ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ ላይ ይቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ዕቃው የሚጨርሰው በጋማ ከብት ጀርባ ነበር።

የኮሶ ዘመን

ሜራብ የሚሸጡት የአውሮፓ መድኃኒት ቢሆንም፣ አገሬው ራሱን እንዴት እንደሚያክም አጥብቀው ይከታተሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 በፓሪስ ያሳተሙት የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ ሐኪሞችና ሕክምና የተጻፈ ነው። ከዚያም በምኒልክ ዘመን ያዩትን ኢትዮጵያ የሚተርክ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ከ1921 እስከ 1929 ባሉት ዓመታት አወጡ።

በዚያ ዘመን በሰፊው ይወሰድ የነበረው መድኃኒት ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶ ትል ስለሚይዘው፣ በየጊዜው የዛፉን አበባ አስፈጭቶ፣ በባዶ ሆዱ በጥብጦ ይጠጣ ነበር። ኮሶ ትሉን ያስወጣል፤ ጠጪውን ግን ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያዝለዋል። መጠኑ ሲበዛም ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ኮሶ ጠጪ ሁሉ፣ መድኃኒት የሚያድነውን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ያውቅ ነበር። ዛሬ ነጭ ፍሬ ስንውጥ የምንረሳው ይህን ነው።

ጉዳቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው

የሜራብ ፋርማሲ ሲከፈት አስፕሪን ገበያ ላይ ከዋለ ገና 11 ዓመቱ ነበር፤ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ በዚህ ስም መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ሜራብ በሕይወታቸው መጨረሻ ወደ ጆርጂያ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1930 በትብሊሲ አረፉ። የእንግሊዝ ሐኪሞች በመመልከቻ መሣሪያ የሰው ጨጓራ ውስጥ አይተው አስፕሪን ግድግዳውን እንደሚያስቆጣ የጻፉት ከዚያ 8 ዓመት በኋላ፣ በ1938 ነው። ምክንያቱ የተገለጸው ደግሞ በ1971 በጆን ቬን ጥናት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። እነዚህ በቆሰለ ወይም ባበጠ ቦታ ሕመምን ያባብሳሉ፤ በጨጓራ ውስጥ ግን ግድግዳውን ከአሲድ የሚጠብቀው ልባጭ ፈሳሽ እንዲመረት ያደርጋሉ። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲንና ኢንዶሜታሲን የፕሮስታግላንዲንን ምርት ይቀንሳሉ። ሕመሙ ይታገሳል፤ ጨጓራው ግን መከላከያውን ያጣል።

ከዚህ የተነሳ ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ፦

- መድኃኒቱ ጨጓራን የሚጎዳው በደም ውስጥ ገብቶም ጭምር ነው። ስለዚህ የዳይክሎፌናክ መርፌ ወይም በፊንጢጣ የሚገባ ማስታገሻም ጨጓራን ሊያቆስል ይችላል።
- ከምግብ በኋላ መውሰድ ማቃጠሉን ሊቀንስ ይችላል፤ ቁስለትን ግን ሁልጊዜ አይከላከልም። ወተት መጠጣትም እንደ መከላከያ አይቆጠርም።
- አንድ መድኃኒት ብዙ የንግድ ስም አለው። ዘመድ ከውጭ የላከልዎ አድቪል ኢቡፕሮፌን ነው። እሱን እየዋጡ ሌላ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከጨመሩ ጉዳቱን ይደራርቡታል። በፍሬ ተቆርጦ የተሸጠልዎ መድኃኒት ስሙ ካልታየ ስሙን ጠይቀው ያስጽፉ።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

ከሚከተሉት አንዱ የሚመለከትዎ ከሆነ እነዚህን ማስታገሻዎች ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ፦

- ዕድሜዎ ከ60 በላይ ከሆነ
- ከዚህ በፊት የጨጓራ ቁስለት ወይም የመድማት ችግር ከነበረብዎ
- ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ካለብዎ፤ ይህ ባክቴሪያ በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው
- እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የሚወስዱ ከሆነ
- የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለብዎ
- እርጉዝ ከሆኑ
- አልኮል አዘውትረው የሚጠጡ ከሆነ

ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞል ለጨጓራ የተሻለ ነው። ነገር ግን አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። የጉበት ሕመም ያለበት፣ አልኮል የሚያዘወትር ወይም ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ሰው መጠኑ ከዚህም ሊያንስ ስለሚገባ ይጠይቅ።

ለልብ ወይም ለስትሮክ የታዘዘ አስፕሪን

አፄ ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው ስትሮክ መትቷቸው መላ ሰውነታቸው ደከመ፣ አንደበታቸውም ተያዘ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1913 አረፉ። በዙሪያቸው የነበሩት ሐኪሞች አስፕሪን ደም እንዳይረጋ እንደሚረዳ አያውቁም ነበር። ዛሬ በረጋ ደም ምክንያት ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ለደረሰበት ሰው አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን በየቀኑ ሊታዘዝለት ይችላል። እርስዎም እንዲህ ታዝዞልዎ ከሆነና ጨጓራዎን ካቃጠለዎት በራስዎ አያቁሙት፤ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ። እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መከላከያ ሊጨምርልዎ ይችላል።

ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱባቸው ምልክቶች

- እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ወይም ደም ያለበት ሰገራ
- ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት
- ድንገት የጀመረ ኃይለኛ የሆድ ሕመም
- ራስን መሳት፣ ማዞር፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ቀዝቃዛ ላብ

የአይረን እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል። ቢሆንም ከማስታገሻ ጋር የመጣን ጥቁረት በግምት አይለፉት፤ ይመርመሩ። በዕድሜ የገፉ እናትና አባት ይህን ሳይናገሩ ሊያልፉት ስለሚችሉ፣ ቤተሰብ ቢጠይቃቸው ጥሩ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የሚናገሩት

ዶክተር ሜራብ ሐኪምም ባለ ፋርማሲም ስለነበሩ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ዛሬ መድኃኒቱን የሚሸጥልዎ ባለሙያ አልመረመረዎትም፤ ካልነገሩት በቀር ስለ እርስዎ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ጠርተው አይውጡ። ዕድሜዎን፣ የጨጓራ ታሪክዎንና አሁን የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩት። በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድም ይጠይቁት። ሕመሙ በጥቂት ቀናት ካልተሻለዎ ሌላ ፍሬ ከመጨመር ይልቅ የሕመሙን ምንጭ የሚመረምር ሐኪም ይሻላል።