የቪክቶር ሄስ ሕይወትና የጠፈር ጨረር ወሰን

ከሰማይ የሚወርደውን የማይታይ ጨረር መርምሮ ያገኘው ቪክቶር ሄስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. በኦስትሪያ አገር ተወለደ። አባቱ የአንድ መስፍን ደን ኃላፊ ነበረ። ሄስም በግራትስ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስን ተምሮ፣ በ1910 በቪየና የራዲየም ምርምር ተቋም ረዳት ሆነ።

በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሊቃውንት፣ አየርን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የሚያደርገው ጨረር ከምድር የሚመነጭ ነው ይሉ ነበር። ይህ እውነት ከሆነ፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ጨረሩ መቀነስ ነበረበት። ሄስ ግን ነገሩን በክርክር ከመፍታት ይልቅ ራሱ ወጥቶ መለካትን መረጠ። በኦገስት 7 ቀን 1912 በሃይድሮጂን በተሞላ ፊኛ ከቦሄሚያ ተነሥቶ እስከ 5,350 ሜትር ከፍታ ደረሰ። ጨረሩ በመጀመሪያ ጥቂት ቀነሰ፤ ኋላ ግን እየበረታ ሄዶ፣ በ5,000 ሜትር አካባቢ በምድር ላይ ካለው እጥፍ ያህል ሆነ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር፣ ፀሐይ በተጋረደች ጊዜ ባደረገው በረራ ጨረሩ ስላልቀነሰ፣ ዋነኛ ምንጩ ፀሐይ አለመሆኗን ተረድቶ ነበር።

ስለዚህ ሥራው በ1936 ከካርል አንደርሰን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ነገር ግን በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ ከማስተማር ሥራው ተባረረ፤ ሚስቱ ከአይሁድ ወገን ነበረች። ወደ አሜሪካም ተሰዶ በኒው ዮርክ በፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1964 ዐረፈ።

እርሱ የጀመረው ጥያቄ ግን አላበቃም። ጠፈርን ሁሉ የሞላ ደካማ የማይክሮዌቭ ብርሃን መኖሩ በ1965 ታወቀ። በ1966 ግራይሰን በአሜሪካ፣ ዛትሴፒንና ኩዝሚን ደግሞ በሶቪየት ኅብረት፣ ይህ ብርሃን ለጨረሩ ወሰን እንደሚያበጅለት አሰሉ። ኃይሉ ከ50 ቢሊዮን ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሚበልጥ ፕሮቶን፣ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ከብርሃኑ ጋር እየተጋጨ ፓዮን የተባሉ ቅንጣቶችን ያስገኛል፤ በዚህም ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ እጅግ ብርቱ የሆነው ፕሮቶን ከሩቅ ጋላክሲዎች ተነሥቶ ኃይሉ ሳይጎድል ሊደርስልን አይችልም። በ2008 በዩታና በአርጀንቲና ያሉ ታላላቅ መመልከቻዎች፣ በዚያ ወሰን አካባቢ የጨረሩ ቍጥር በብርቱ እንደሚያሽቆለቁል አስታወቁ። መንሥኤው የመንገዱ ድካም ብቻ ይሁን፣ ወይስ የምንጮቹም ዐቅም ውስን ሆኖ፣ እስከ ዛሬ ይመረመራል።

ተማሪን የሚያስተምር ሰው ከሄስ ሕይወት የሚወስደው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ብዙዎች የተስማሙበት አሳብ እንኳ በልኬት መፈተን ይገባዋል፤ በትክክል የተለካ ነገርም ለሚቀጥለው ትውልድ አዲስ ጥያቄ ያወርሳል።