የከብት ሐኪሙ ደንሎፕና በአየር የተነፋው ጎማ

በታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን በዚህ ሳምንት የምናቀርብላችሁ የአንድ የከብት ሐኪም ታሪክ ነው። ስሙ ለማናችንም አዲስ አይደለም፤ ጎማ ላይ ተጽፎ አንብበነዋል። ሰውየውን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ታሪኩን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ ከዋናው መንገድ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት የምንመደብ ብዙዎች ነን፤ ቢስክሌት ገዝቶ በጠጠርና በኮረኮንች የሚመላለስም ከመካከላችን አይጠፋም። ለዚያ ሰው የደንሎፕ ሕይወት ከተረት በላይ ይጠቅመዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ቦይድ ደንሎፕ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1840 በስኮትላንድ፣ ድረግሆርን በተባለች መንደር፣ ከእርሻ ቤት ተወለደ። ኤዲንብራ ገብቶ የእንስሳት ሕክምና ተማረ፤ ገና በ19 ዓመቱም በሙያው ተመረቀ። በ1867 ባሕር ተሻግሮ አየርላንድ ሄደ። በ1871 ማርጋሬት ስቲቨንሰንን አግብቶ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለደ። በኋላም ቤልፋስት ከተማ ተቀምጦ ብዙ ደንበኛ ያለው የከብት ሐኪም ሆነ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የማንኛውም ታታሪ ባለሙያ ታሪክ ነው።

ነገሩን የለወጠው ልጁ ጆኒ ነው። በ1887 ጆኒ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት ነበረው። የዚያን ጊዜ የቢስክሌት እግር ውስጡ አየር የለውም፤ ብረት ወይም ድፍን ጎማ ነው። የቤልፋስት ጎዳና ደግሞ እንደ ዛሬው የኛ ኮብልስቶን በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ነበር። ልጁ በሄደ ቁጥር እየተንገጫገጨ ይቸገራል። አባትዬው ይህን አይቶ ዝም አላለም።

ታዲያ ምን አደረገ? ክብ ሳንቃ ቆረጠ። ከስስ ጎማ ቱቦ ሠርቶ በሳንቃው ዙሪያ አጠለቀው፤ በእግር ኳስ መንፊያ አየር ሞላው፤ ከላይ በጨርቅ ሸፍኖ ጨርቁን በሚስማር መታው። ከዚያ የጆኒን ቢስክሌት አንዱን እግር ፈታና ሁለቱን ጎን ለጎን በግቢው ውስጥ አንከባለላቸው። የብረቱ እግር ጥቂት ሄዶ ወደቀ። በአየር የተነፋው ግን ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ!

እኛን በጣም ያስደነቀን ይህ ነው። ደንሎፕ ሥራውን የጀመረው ልጁ ሲቸገር አይቶ ነበር። ሙከራው ግን የሚመቸው ጎማ የሚፈጥነውም መሆኑን አሳየው።

በዲሴምበር 1888 የፈጠራ መብት ወረቀት ተሰጠው። ሕዝቡ ግን ወዲያው አላመነም። በሜይ 18 ቀን 1889 ዊሊ ሂዩም የተባለ የቤልፋስት ተወዳዳሪ ይህን ወፍራም ጎማ አስገጥሞ ኩዊንስ ኮሌጅ ሜዳ ላይ ሲቀርብ ተመልካቹ ሳቀበት። ሂዩም ግን የተካፈለባቸውን አራት ውድድሮች በሙሉ አሸነፈ፤ ሳቁም ቆመ። ከተሸነፉት መካከል የሃርቪ ዱ ክሮ ልጆች ነበሩ። ዱ ክሮ ነገሩ ገብቶት ከደንሎፕ ጋር በደብሊን ኩባንያ አቋቋመ።

ቀጥሎ የመጣው መራራ ነው። የፈጠራ መብቱ በተሰጠ በሁለት ዓመቱ ዋጋ የለውም ተባለ። ለካስ ሌላ ስኮትላንዳዊ፣ ሮበርት ዊልያም ቶምሰን፣ በአየር የሚነፋ ጎማ በ1845 ፈልስፎ አስመዝግቦ ኖሯል! ቶምሰን ጎማውን በለንደን በፈረስ ጋሪ ላይ ሞክሮት ነበር። ጊዜው ግን አልደረሰለትም፤ ቢስክሌት ገና አልተስፋፋም፤ ስስ ጎማም ውድ ነበር። ስለዚህ ተማሪ ቢጠይቀን የመጀመሪያው ፈልሳፊ ቶምሰን ነው፤ ሥራ ላይ ያዋለው ደንሎፕ ነው ብለን መመለስ ይገባናል። ለሁለቱም የድርሻቸውን መስጠት የመምህር ወግ ነው።

ኩባንያው ሌሎች የፈጠራ መብቶችን ገዝቶ ቀጠለ። በ1896 በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ ግን ደንሎፕ ከኩባንያው ወጥቶ ነበር፤ ስሙ እንጂ ትልቁ ሀብት አልደረሰውም። ጎማ በተፈለገ ቁጥር የከፋ ዕዳ የከፈሉም አሉ። የቤልጂጉ ንጉሥ ሌኦፖልድ 2ኛ እስከ 1908 እንደ ግል ንብረቱ በያዛት ኮንጎ፣ የጎማ ሙጫ እንዲለቅም የተገደደው ሕዝብ ተገድሏል፣ እጁም ተቆርጧል። አየሩ በነፃ ቢገኝም ጎማው በነፃ አልተገኘም። ደንሎፕ በኦክቶበር 23 ቀን 1921፣ በ81 ዓመቱ፣ ደብሊን ውስጥ ዐረፈ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ለማስተማር ልምምድ በቢስክሌት ስንመላለስ ጎማ እንደ ድንጋይ ካልጠነከረ አይፈጥንም ብለን ክንዳችን እስኪዝል እንነፋ ነበር። ደብተሩ ከኋላ እየዘለለ ይወድቃል፤ እኛም ወገባችንን ይዘን እንደርሳለን። የደንሎፕን ሙከራ ስናነብ ስሕተታችን ገባን። ለስላሳ አስፋልት ላይ ጠንካራ ጎማ ይሄዳል። ጠጠር ላይ ግን ጠንካራው ጎማ በእያንዳንዱ ድንጋይ ቢስክሌቱንም ሰውየውንም ወደ ላይ ያነሳል፤ ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት በመንገጫገጭ ያልቃል። መጠነኛ ልስላሴ ያለው ጎማ ድንጋዩን ይውጠዋል።

ይህ ማለት ግን ጎማ ይላላ ማለት አይደለም። በጣም ከላላ ድንጋዩ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ያጣብቀዋል፤ ሁለት ቀዳዳም ጎን ለጎን ይወጣል። እንዲህ ያለ ብስ ካያችሁ ጥፋተኛው እሾህ አይደለም፤ የአየር ማነስ ነው። ቸርኬውም ይጎብጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ስፋት ነው፤ ሰፊ ጎማ ብዙ አየር ስለሚይዝ በትንሽ ግፊት ቸርኬውን ይጠብቃል።

65 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው፣ 38 ሚሊ ሜትር (አንድ ኢንች ተኩል) ስፋት ላለው ጎማ የኋላው 3.5 ባር፣ የፊቱ 2.5 ባር ጥሩ መነሻ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ የኋላው 2.5፣ የፊቱ ከ2 ጥቂት ዝቅ ይበል። ከኋላ የሚበልጠው አብዛኛው ክብደት እዚያ ስለሚያርፍ ነው፤ ደብተር ከጫናችሁ የኋላውን ጨምሩ። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ወሰን ግን አትውጡ።

የግፊት መለኪያ ከየት ይመጣል? አሮጌዎቹ ቢስክሌቶች ላይ ያለው፣ በብዙ አገር በደንሎፕ ስም የሚጠራው ቫልቮላ ለመለኪያም አይመችም። ማስመሪያ ግን አለን! ከመሬት እስከ ቸርኬው ታችኛ ጠርዝ ለኩ። ከዚያ አንድ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ኮርቻው ላይ ይቀመጥ፤ እንደገና ለኩ። ቸርኬው ዝቅ ያለው ከጎማው ስፋት 15 በመቶ ገደማ ከሆነ ግፊቱ ደህና ነው። ለ38 ሚሊ ሜትር ጎማ 6 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ካልወረደ አየር ቀንሱ፤ ብዙ ከወረደ ጨምሩ። የፊቱንም የኋላውንም ለየብቻ ለኩ።

ጎማ ስትገዙ ደግሞ ባለ 28 ስጠኝ ብላችሁ አትመለሱ። 28 ተብለው የሚሸጡ ሁለት ዓይነት አሉ፤ አንዱ 635 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 622 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ የሚገባ ነው፤ አይተካኩም። አሮጌው ጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጣችሁ ሂዱ። ሰፋ ያለ ከፈለጋችሁም ሹካውንና ጭቃ መከላከያውን እንዳይነካ አስቀድማችሁ እዩ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። የደንሎፕን ሙከራ ለመድገም የሚያስፈልገው ሳንቃ፣ አሮጌ ከመነዳሪ፣ ጨርቅ፣ ሚስማርና መንፊያ ነው። ይሄ ሁሉ በየተመደብንበት አካባቢ ይገኛል። የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሁለት እግሮች፣ አንድ ድፍን፣ አንድ የተነፋ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጠጠር ላይ ያንከባልሉ፤ የትኛው ርቆ እንደሚሄድም አስቀድመው ይገምቱ። ግምታቸው ተሳስቶ ቢስቁ ደግ ነው፤ የቤልፋስት ሰዎችም ስቀው ነበር። ሞክራችሁ ያያችሁትን ጽፋችሁ ስጡን፤ በዚሁ ግድግዳ ላይ እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!