ጋንዲ፦ የሙስሊሞች መስጊድ እንዲመለስ የፆሙት ሂንዱ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ከጎፋ እስከ መካኒሳ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞ ባሉት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች ልጅሽን የት ወለድሽ ተብላ ስትጠየቅ ጋንዲ ብላ የምትመልስ እናት ሞልታለች። ጋንዲ የሰው ስም መሆኑ ለብዙዎቻችን ትዝ አይለንም፤ የምናውቀው የሆስፒታል ስም መሆኑን ነው። በመሃል አዲስ አበባ የሚገኘው ይህ ሆስፒታል በኢትዮጵያ ይኖሩ በነበሩ ሕንዳውያን አማካይነት ለአገራቸው የነፃነት አባት መታሰቢያ እንዲሆን የተቋቋመ ነው። ስሙን በየጊዜው እንጠራዋለን። ለመሆኑ ባለስሙ ማን ነበሩ? በምንስ ያምኑ ነበር? እንዴትስ ሞቱ?

አንዳንድ ወንድሞች፣ ሰውየው ሂንዱ አልነበሩምን? የእርሳቸው ሕይወት ለሙስሊም ምን ይጠቅመዋል? ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በሲራችን ውስጥ ይገኛል። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከጣኢፍ በድንጋይ ተደብድበው ሲመለሱ፣ ወደ መካ እንዲገቡ ከለላ የሰጣቸው ሙጥዒም ኢብኑ ዓዲይ ሙስሊም አልነበረም። ልጆቹን አስታጥቆ በካዕባ ዙሪያ አቆመላቸው፤ ሳይሰልምም ሞተ። ነብዩ ግን ውለታውን አልረሱም። ከበድር ድል በኋላ ሙጥዒም በሕይወት ኖሮ ስለ ምርኮኞቹ ቢለምናቸው ለእርሱ ሲሉ ይለቋቸው እንደነበር ተናግረዋል። እንግዲህ እምነቱን ሳይቀበሉ ውለታውን መመስከር ሱና ነው ማለት ነው። የጋንዲንም ታሪክ በዚህ ዓይን እንመልከት።

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ኦክቶበር 2 ቀን 1869 (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ሕንድ ጉጃራት፣ ፖርባንዳር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የዚያች ትንሽ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። እናታቸው ፑትሊባይ ፆም የሚያበዙ ሴት ስለነበሩ፣ ልጃቸው በኋላ ዘመን ፆምን የትግል መሣሪያ ማድረጋቸው ከእናታቸው ቤት የጀመረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአገሩ ልማድ ገና በ13 ዓመታቸው ካስቱርባ የምትባል ልጃገረድ ተዳረችላቸው። በ1888 ወደ ለንደን ሄደው ሕግ ተማሩና በ1891 ጠበቃ ሆነው ተመለሱ። ይሁን እንጂ እጅግ ዓይን አፋር ስለነበሩ ቦምቤይ ላይ በመጀመሪያው የፍርድ ቤት ቀጠሯቸው አንደበታቸው ተሳስሮ መናገር አቅቷቸው ወጡ።

የእንጀራ መንገድ የተከፈተላቸው በሙስሊም እጅ ነው። በዚያን ዘመን የጉጃራት ሙስሊም ነጋዴዎች በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ሁሉ ተሠማርተው ነበር። በምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ስሙ የገነነው የሙሐመድ ዓሊ የንግድ ቤትም የሕንድ ሙስሊሞች ነበር። ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዱ የሆኑት ዳዳ አብደላ በደቡብ አፍሪካ ክርክር ስለነበረባቸው ወጣቱን ጠበቃ በ1893 ቀጥረው ወሰዷቸው። ጋንዲ እዚያ እንደደረሱ የአንደኛ ማዕረግ የባቡር ትኬት ይዘው ሲጓዙ፣ ቆዳህ ነጭ አይደለም ተብለው ፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ላይ ተወርውረው ወጡ። ያንን የክረምት ሌሊት በጣቢያው ውስጥ በብርድ እየተንቀጠቀጡ አደሩ። አገሬ ልመለስ ወይስ ቆሜ ልታገል የሚለውን ያመዛዘኑት በዚያ ሌሊት ነው። ለአንድ ዓመት ብለው የሄዱት ሰው፣ አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ ከተመለሱበት ጊዜ በስተቀር፣ እስከ 1914 እዚያው ቆዩ።

በ1906 የትራንስቫል መንግሥት እስያውያን ሁሉ የጣት አሻራ እየሰጡ እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ሕግ አዘጋጀ። በሴፕቴምበር 11 ቀን በጆሃንስበርግ በተጠራው ስብሰባ ላይ ሐጂ ሐቢብ የተባሉ ሙስሊም ተነስተው፣ ለዚህ ሕግ ላለመገዛት በፈጣሪ ስም መሐላ መግባት ይገባል አሉ። ጋንዲ በሐሳቡ መጀመሪያ ደነገጡ፤ በአምላክ ስም የተገባ ቃል የማይታጠፍ መሆኑን ለሕዝቡ ካስረዱ በኋላ ግን አብረው ማሉ። በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነው ሰላማዊ ትግል የተወለደው በዚህ መሐላ ነው። በኦገስት 1908ም ከ2,000 በላይ የመመዝገቢያ ወረቀቶች በእሳት የጋዩት በጆሃንስበርግ የሐሚዲያ መስጊድ ቅጥር ግቢ ነበር። ስለዚህ የጋንዲ ትግል ከጅማሬው የሙስሊሞች እጅ ያለበት ነው።

ለመሆኑ የሚያምኑበት ነገር ምን ነበር? ትግላቸውን ሳትያግራሃ ብለው ሰየሙት፤ እውነትን አጥብቆ መያዝ እንደ ማለት ነው። ሰው በደልን ተቀብሎ ዝም ማለት የለበትም፤ በዳዩን ግን አይገድልም፣ አይጠላምም። ይልቁንም ለክፉው ሕግ አልገዛም ብሎ እስራቱንና ዱላውን በራሱ ላይ ይቀበላል። ይህን ፍርሃት ነው ብሎ የተረጎመ ሰው ተሳስቷል። እርሳቸው ከፈሪነትና ከጠብመንጃ አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል ጠብመንጃውን እመክራለሁ እስከ ማለት ደርሰዋል። ሥጋ አይበሉም ነበር። በገዛ እጃቸው ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ እናቶቻችን በእንዝርት ሲፈትሉ የኖሩትን ያንኑ ሥራ የእንግሊዝን ጨርቅ የማሸነፊያ መሣሪያ አደረጉት። በሂንዱ ሥርዓት አትንኩኝ ተብለው የተገለሉትን ወገኖችም እንደ ወንድም ያቀርቧቸው ነበር።

በ1915 ወደ ሕንድ ተመለሱ። በአፕሪል 1919 በአምሪትሳር የእንግሊዝ ጦር ባዶ እጁን በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሶ፣ በመንግሥቱ በራሱ ቆጠራ 379 ሰዎችን ገደለ። በዚያው ጊዜ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኦቶማን ኺላፋ ሊፈርስ መሆኑ የሕንድ ሙስሊሞችን አንገብግቧቸው ነበር። ወንድማማቾቹ ሙሐመድ ዓሊና ሸውከት ዓሊ የኺላፋውን ንቅናቄ ሲመሩ፣ ጋንዲ የሙስሊሙ ሐዘን የሂንዱውም ሐዘን ነው ብለው ከጎናቸው ቆሙ። በ1924 በሁለቱ ወገኖች መካከል ሁከት ሲነሳ ለእርቅ ብለው 21 ቀን የፆሙት በዴልሂ በዚሁ በሙሐመድ ዓሊ ቤት ውስጥ ነው። በመካ የተወለዱት ታላቁ ዓሊም መውላና አቡል ከላም አዛድም እስከ መጨረሻው አብረዋቸው ዘልቀዋል።

በ1930 መንግሥት በጨው ላይ የጣለውን ግብር ለመቃወም ከ78 ተከታዮቻቸው ጋር 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጉዘው ከባሕር ዳር ጨው አነሱ። አገር በሙሉ ተከተላቸው፤ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እስር ቤት ገባ። በዚያው ዓመት በፔሻዋር የጳሽቱን ሙስሊሞች የታላቁን መሪያቸውን የኻን አብዱል ጋፋር ኻንን መታሰር ሲቃወሙ በጥይት ተመቱ። በጦረኛነቱ የታወቀው ይህ ሕዝብ ጠብመንጃውን ያስቀመጠው ሂንዱ ለመሆን አልነበረም። ኻን፣ ትዕግሥት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመካ በ13 ዓመታት ውስጥ ያሳዩት መሣሪያ ነው ብለው ስላስተማሩት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ፍትሕ ማለት ጉድለትንም መናገር ነውና እርሱንም እንናገር። ጋንዲ ሃይማኖቶች ሁሉ ወደ እውነት ያደርሳሉ ይሉ ነበር፤ ተውሒድን የያዘ ሙስሊም ይህን አይቀበልም። በደቡብ አፍሪካ በወጣትነታቸው ስለ ጥቁር ሕዝብ የጻፉት ንቀት ያለበት ነበር። ፖለቲካውን በሂንዱ አነጋገር መሙላታቸውም ብዙ ሙስሊሞችን እንዳራቀ አይካድም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የሚቆረቁር ነገር አለ። ሙሶሎኒ አገራችንን ከወረረ በኋላ፣ በ1938 ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፉ፣ ሕዝቡ በጦር ከመመከት ይልቅ ሳይንበረከክ ባዶ እጁን ሞትን ቢቀበል ኖሮ ወራሪው የሚያገኘው ጥቅም አይኖርም ነበር ብለዋል። የመርዝ ጋዝ ከሰማይ የዘነበበት ሕዝብ ልጅ ይህን መስማት ይከብደዋል። እስልምናም የተበደለ ሰው ራሱን እንዲከላከል ፈቅዷል፤ የመካው ሰብርም የመዲናው መከላከልም በየጊዜያቸው የአላህ ትእዛዝ ነበሩ። በዚህ ነጥብ ከጋንዲ ጋር አንስማማም።

የሰው ሚዛን ግን የሚታየው በመጨረሻው ነው። በ1946 መጨረሻ በኖዋኻሊ ሙስሊሞች ሂንዱዎችን ሲገድሉ፣ የ77 ዓመቱ ሽማግሌ ከመንደር መንደር በእግራቸው እየዞሩ አስታረቁ። በቢሃር ሂንዱዎች ሙስሊሞችን ሲፈጁ ደግሞ ወደዚያ ሄደው የገዛ ወገናቸውን ወቀሱ። ኦገስት 15 ቀን 1947 ሕንድ ነፃ ስትወጣ መሪዎቹ በዴልሂ ሲደሰቱ፣ እርሳቸው በካልካታ በአንድ የሙስሊም አሮጌ ቤት ከሙስሊሙ መሪ ከሑሴን ሸሂድ ሱህራዋርዲ ጋር ተቀምጠው እየፆሙ ነበር። ግድያው እንደገና ሲያገረሽ እህል አልቀምስም አሉ፤ በአራተኛው ቀን ወሮበሎች የጦር መሣሪያቸውን አምጥተው እግራቸው ሥር አስቀመጡ።

ከዚያ ወደ ዴልሂ ተሻገሩ። ከፓኪስታን ተባርረው የመጡ ሂንዱዎችና ሲኮች የሙስሊሞችን ቤት ይዘዋል፤ መስጊዶችም መኖሪያ ሆነዋል። ሙስሊሙ በአዛውንቱ መስጊድ ደጃፍ እንኳ በሰላም መሄድ አልቻለም። ጋንዲ በጃንዋሪ 13 ቀን 1948 በ78 ዓመታቸው እስከ ሞት ድረስ ለመፆም ተነሱ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ የተያዙት መስጊዶች ይመለሱ፤ ሙስሊሞች ያለ ፍርሃት ይንቀሳቀሱ፤ ከሙስሊም ነጋዴ አንገዛም የሚለው ይቅር፤ በመህራውሊ በኹዋጃ ቁጥቡዲን በኽቲያር ካኪ መቃብር የሚደረገው ዓመታዊ ስብስብ እንደ ወትሮው ይካሄድ። መንግሥትም ለፓኪስታን የሚገባውን 550 ሚሊዮን ሩፒ ይዞት ስለነበር በፆሙ መካከል ለቀቀው። በስድስተኛው ቀን የሂንዱ፣ የሲክና የሙስሊም መሪዎች ቃል ኪዳን ፈርመው ፆማቸውን አስፈቷቸው። ጃንዋሪ 27 ቀንም ራሳቸው ወደ መህራውሊ ሄደው በስብስቡ ላይ ተገኙ።

ይህን ሁሉ ያላቸው ወገን ይቅር አላላቸውም። በጸሎት ስብሰባቸው ላይ ከቁርአን መነበቡ እንኳ የሚያስቆጣቸው ሂንዱዎች ነበሩ። በጃንዋሪ 30 ቀን 1948 ምሽት ወደ ጸሎት ሲሄዱ ናቱራም ጎድሴ የተባለ ሂንዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ከነሣቸው በኋላ በሦስት ጥይት ገደላቸው። በቂሙ መካከል ለሙስሊሞች አደሉ የሚለው ክስ ዋነኛው ነበር። የዚያን ምሽት የሕንድ ሙስሊም በየቤቱ ተንቀጥቅጧል፤ ገዳዩ ሙስሊም ነው ቢባል ኖሮ የሚፈሰው ደም ወሰን አልነበረውም። ገዳዩ ሂንዱ መሆኑ ቶሎ በመነገሩ ብቻ ከፍጅት ተረፈ።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ሌላውን ወገን መውቀስ ለማንም አይከብድም። ከባዱ የገዛ ወገንን አቁሙ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ ከክርስቲያኑ ወገን ወጥተው ይህ ነውር ነው ያሉትን ምን ያህል እንደወደድናቸው እናስታውስ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ለቀብር የወጡ ሙስሊሞች ተገድለው ልባችን ሲደማ፣ በዚያው ሰሞን ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ያን ጊዜ የጎንደሩን ብቻ አውርተን የወራቤውን ዝም ያልን ስንቶች ነን? ያቃጠሉት የእኛ ስም ያላቸው ስለሆኑ ምላሳችን አልታሰረምን? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አዝዞናል፤ በሱረቱ ኒሳእ ደግሞ በገዛ ራሳችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር አዝዞናል። ይህ ትእዛዝ እያለን አንድ ሂንዱ ቀድሞን ሊሠራበት አይገባም ነበር።

ጋንዲ በእምነታቸው እንደ ሙጥዒም ኢብኑ ዓዲይ ሙስሊም ሳይሆኑ ሞተዋል፤ ሒሳባቸውም በአላህ ዘንድ ነው። የእኛ ድርሻ ውለታን መመስከር ነው። ከእንግዲህ አንዲት የሰፈራችን እናት ልጄን ጋንዲ ወለድሁ ስትል ብንሰማ፣ ለመስጊዶቻችን ሲሉ የተራቡ፣ ለጎረቤታቸው ሲሉ በወገናቸው እጅ የወደቁ ሽማግሌ እንደነበሩ ለዚያ ልጅ እንንገረው።

አላህ ለወዳጅም ለጠላትም በፍትሕ ከሚመሰክሩት ያድርገን። አሚን።