30 ሩፒውን የመለሰው ጠበቃ

ጋንዲ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ነው። ስሙ የህንዱ ማህተማ ጋንዲ መታሰቢያ መሆኑንም እናውቃለን። ሰውየው ግን በሙያው ጠበቃ ነበር፤ ያውም መጀመሪያ ላይ ችሎት ፊት ቆሞ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያቃተው ጠበቃ። ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው ይህንን ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሃንዳስ ጋንዲ በ1869 በምዕራብ ህንድ ፖርባንዳር ከተማ ተወለደ። በ1888 ኮሌጅ ገባ፤ ትምህርቱ ስላልገባው ግን ገና በመጀመሪያው ተርም አቋርጦ ቤቱ ተመለሰ። ይህን ያዩ አንድ የቤተሰብ ወዳጅ፣ እዚህ ዲግሪ ለማግኘት ከሚለፋ እንግሊዝ ሄዶ በሦስት ዓመት ጠበቃ ቢሆን ይሻላል ብለው መከሩ። ታላቅ ወንድሙ ገንዘብ አፈላለገ። እናቱ ስጋ እንዳይበላ፣ መጠጥ እንዳይቀምስ፣ ሴት እንዳይነካ አስማሉት። የጎሳው ሽማግሌዎች ደግሞ ባህር መሻገር ሃይማኖታችን አይፈቅድም ብለው ከማኅበራቸው አስወጡት። እሱ ግን ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ትቶ በመስከረም 1888 መርከብ ተሳፈረ። ገና 18 ዓመቱ ነበር።

ለንደን ውስጥ ኢነር ቴምፕል የሚባለው የጠበቆች ማኅበር ጋ ተመዘገበ። ያኔ ጠበቃ ለመሆን የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነበር፦ ፈተና ማለፍና... እራት መብላት! ቀልድ አይደለም። ተማሪው 12 ተርም መሙላት ነበረበት፤ ተርሙ የሚቆጠርለት ደግሞ በማኅበሩ አዳራሽ እራት ላይ ሲገኝ ነበር። ባይበላም ችግር አልነበረም፣ ዋናው መገኘቱ ነበር። የእራቱ ዓላማ ድሮ ወጣቶቹ ከነባር ጠበቆች ጋር እየተጨዋወቱ ሙያውን እንዲቀስሙ ነበር፤ በጋንዲ ጊዜ ግን ልማዱ ብቻ ነው የቀረው። ለአራት ተማሪ ሁለት ጠርሙስ ወይን ይቀርባል። ጋንዲ ስለማይጠጣ ሁሉም እኛ ጋ ተቀመጥ እያለ ይሻማበት ነበር።

ፈተናው የሮማ ሕግና የእንግሊዝ ሕግ ነው። ብዙው ተማሪ አጫጭር ማስታወሻ ሸምድዶ ያልፋል። ጋንዲ ግን መጻሕፍቱን ገዝቶ ቁጭ ብሎ አነበበ፤ የሮማውን ሕግ በላቲን፣ የእንግሊዙን ደግሞ ዘጠኝ ወር ፈጅቶ። ሰኔ 10 ቀን 1891 ጠበቃ ተባለ፣ በማግስቱ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተመዘገበ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ሀገሩ ተሳፈረ። ሲደርስ የጠበቀው የእናቱ መርዶ ነው።

ቦምቤይ ገብቶ ሥራ ጀመረ። ፈቃድ አለው፤ የህንድን ሕግ ግን አላጠናም፣ ማመልከቻ እንዴት እንደሚረቀቅም ማንም አላሳየውም። ለደላላ ኮሚሽን አልከፍልም ብሎም እንደምንም በ30 ሩፒ አንድ ጉዳይ አገኘ። መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቅ ብድግ ሲል ራሱ ዞረ፣ አፉ ተሳሰረ። ቁጭ አለ። ሌላ ጠበቃ ያዙ ብሎ ብሩን መልሶ በሃፍረት ከችሎቱ ወጣ። እንግሊዝኛ ላስተምር ብሎ ትምህርት ቤት ቢያመለክት ደግሞ ዲግሪ የለህም ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ራጅኮት፣ ወንድሙ ጋ ገብቶ ማመልከቻ መጻፍ ያዘ።

በ1893 ደቡብ አፍሪካ ያለ የነጋዴ ድርጅት ለአንድ ዓመት በ105 ፓውንድ ቀጠረው። ከባቡር ተገፍትሮ የወረደበት ዝነኛው ሌሊትም በዚሁ ጉዳይ ሲጓዝ ነው። ክርክሩ በሁለት ዘመዳሞች መካከል የተነሳ የ40,000 ፓውንድ ነው፤ መዝገቡ በሂሳብ የተሞላ፣ ጋንዲ ደግሞ ሂሳብ አያውቅም። አላፈረም። የሂሳብ አያያዝ መጽሐፍ ገዝቶ ከዜሮ ጀመረ። ጉዳዩን ሲጨርሰው የገባው ነገር ቢኖር የጠበቃ ወጪ ሁለቱንም እንደሚያራቁት ነው። ለምኖ ወደ ሽምግልና አመጣቸው። የሱ ደንበኛ አሸነፈ። ተሸናፊው በአንዴ ቢከፍል ስለሚከስር ጋንዲ ደንበኛውን እንደገና ለምኖ ክፍያው ረጅም ጊዜ እንዲሰጠው አደረገ። የጥብቅናን ትክክለኛ ሥራ የተማርኩት እዚህ ነው ብሎ ያምን ነበር።

በ1894 የናታል የሕግ ማኅበር ቢቃወመውም ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ሰጠው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ለ20 ዓመት ያህል በጥብቅና ሠራ። በ1922 ህንድ ውስጥ በእንግሊዝ መንግሥት ላይ በማሳመፅ ተከሶ ሲታሰር ኢነር ቴምፕል ስሙን ሰረዘው። የመለሰለት በ1988 ነው፤ ጋንዲ በጥይት ከተገደለ 40 ዓመት በኋላ።

የመውጫ ፈተና የምትጠብቁ፣ ወይም የመጀመሪያ ሥራችሁ ላይ አፋችሁ የተሳሰረባችሁ ካላችሁ ይህቺን ያዙልን፦ ፈቃዱን ያገኘው በሦስት ዓመት እራትና ፈተና ነው። ጠበቃ የሆነው ግን 30 ሩፒውን ከመለሰ በኋላ ነው።