ጆን ዋሊስ የሒሳብ ሊቅ
ጆን ዋሊስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1616 ዓመት በእንግሊዝ አገር ተወለደ፤ አባቱም ቄስ ነበረ። በዚያን ዘመን ቍጥር የነጋዴ ሥራ ይባል ነበርና እስከ 15 ዓመቱ ሒሳብ አልተማረም። ታናሽ ወንድሙ ግን ለንግድ ብሎ ይማር ነበር። ዋሊስም ከታናሹ መማርን አላፈረም፤ ወንድሙ ያወቀውን ሁሉ በሁለት ሳምንት ያህል ተማረ።

በ1649 ዓመት በኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር ሆኖ ተሾመ። በ1656 ዓመት ባሳተመውም መጽሐፍ ርቢ ክፍልፋይ ሊሆን እንዲችል ገለጠ። የ9 ርቢ እኩሌታ ቢሆን ሥሩ 3 ነው፤ ሁለት እኩሌታ አንድ ሙሉ እንዲሆን፥ 3 በ3 ተባዝቶ 9 ይሆናልና። የ8 ርቢ ሲሶ ቢሆን ሥሩ 2 ነው፤ ሦስት ጊዜ 2 እርስ በርሱ ሲባዛ 8 ይሆናልና።

በ1670 ዓመት አንድ ሌሊት በጨለማ ተኝቶ ሳለ፥ ያለ ወረቀት የ53 አኃዝ ቍጥር ሥር በልቡ አወጣ። በ1703 ዓመት እስኪሞት ድረስ መምህርነቱን አልተወም።